ባትሪዬን ከሻንጣ አስወጡብኝ፤ አንድ ሰዓት ነው የቀረኝ

ማዕበል፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ባሕር ውስጥ ለመጥለቅ ልሄድ አውሮፕላን ማረፊያ ነኝ። ሻንጣዬን ሳይረከቡ «ባትሪውን አውጣ» ብለው መለሱኝ። የተጻፈበት 6800 ነው፤ ገደቡ ደግሞ 100 ነው አሉ። ልጣለው?

አረንጓዴ ዔሊ፦ ባትሪ ስትል መብራቱን ነው ወይስ ድንጋዩን? እኛ ሁለቱንም ባትሪ እንላለን፤ ፈታሹ ግን ለይቶ ነው የሚያያቸው።

ማዕበል፦ ድንጋዩን! ባለ ሊቲየም ነው። አንዱ መብራቱ ውስጥ ነው፤ አንድ ትርፍ አለኝ።

ጥንቁቁ፦ መንገደኛ ደንብ የሚያነብበው ቤቱ ሳለ ነው። ሊቲየም አንዴ ከጋለ አንዱ ክፍል ሌላውን እያቀጣጠለ ይሄዳል። በተሳፋሪዎች መካከል ቢጨስ አስተናጋጆቹ ደርሰው ውኃ ያፈሱበታል፤ ከወለሉ በታች፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ማን ይደርስለታል? ስለዚህ ነው...

ማዕበል፦ ጋሼ፣ ሰልፉ እየተንቀሳቀሰ ነው።

ጨው ውኃ፦ እጅ ቦርሳህ ውስጥ ክተተው።

ሒሳብ ወዳድ፦ 6800 እና 100ን ማን አገናኛቸው? የመጀመሪያው ሚሊ አምፔር-ሰዓት ነው፤ ገደቡ የሚቆጠረው በዋት-ሰዓት ነው። ቮልቱ ስንት ነው?

ማዕበል፦ 14.4።

ሒሳብ ወዳድ፦ 6.8 አምፔር-ሰዓት ሲባዛ በ14.4፣ 97.92 ዋት-ሰዓት። ለጥቂት ተረፍህ! ከ100 እስከ 160 ቢሆን የአየር መንገዱን ፈቃድ ትጠይቅ ነበር፤ ትርፉም ከሁለት አይበልጥም። ከ160 በላይ የሆነ ከተሳፋሪ ጋር አይበርም።

ጨው ውኃ፦ እጅ ቦርሳ ብያለሁ እኮ።

አረንጓዴ ዔሊ፦ ብለሃል፤ ግን ግማሹን ነው። ማዕበል፣ መብራቱ ውስጥ ያለውንም አውጣው። የጠላቂ መብራት የሚበርደው በውኃ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ሳታውቀው ቢበራ ልብስህን ይጠብስልሃል። መብራቱ ራሱ የአየር መንገዱን ፈቃድ ስለሚፈልግ ደብቀህ አትለፍ። የባትሪዎቹን ጫፎች በፕላስተር ሸፍናቸው።

ማዕበል፦ ፕላስተር የለኝም!

አረንጓዴ ዔሊ፦ እንግዲያው እያንዳንዱን ለየብቻው በፕላስቲክ ከረጢት። ብቻ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አይነካኩ።

ባለ ክንፍ፦ ስትቸኩል የጠላቂ ቢላዋህን አብረህ ወደ እጅ ቦርሳ እንዳታዛውር። እኔ ባትሪዬን አድኜ ቢላዋዬን ፍተሻው ላይ አስረክቤያለሁ።

ሒሳብ ወዳድ (ከሦስት ቀን በኋላ)፦ ማዕበል፣ አለፍህ?

ጨው ውኃ፦ ውኃ ውስጥ ይሆናል።