ካዛንቺስና ፒያሳ እንደገና ሲሰሩ የድሮው ነዋሪ ይመለስ ወይስ አይመለስ?

የካዛንቺስ ልጅ፦ በጨዋ ደንብ እንከራከር። ሰፈር ፈርሶ እንደ አዲስ ሲገነባ ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ የሆነ ህንፃ ተሰርቶ የነበረው ሰው እዛው መመለስ አለበት ባይ ነኝ። እኛ ከካዛንቺስ ተነስተን አሁን ከተማው ዳር ገላን ጉራ ነን፣ ቤቱ ንፁህ ነው ሽንት ቤታችን የራሳችን ነው አልክድም፣ ግን እናቴ ድሮ ጉሊቱንም ወፍጮ ቤቱንም ቤተክርስቲያኑንም እድሩንም በእግሯ ነበር ምታዳርሰው፣ አሁን ለቅሶ ለመድረስ ሁለት ሶስቴ ትራንስፖርት ቀያይራ ነው፣ እሱም ሲገኝ።

ኢንጂነሩ፦ ወንድሜ ስሜትህ ይገባኛል፣ ግን ያን ሰፈር አናሳምረው። ስንት አባወራ በአንድ ሽንት ቤት ሲሰለፍ ነበር፣ እሳት ቢነሳ መኪና ሚገባበት የለም። በ1967 አዋጅ ቤቶቹ የመንግስት ከሆኑ ወዲህ የቀበሌ ቤት ኪራይ ጥቂት ብር ስለሆነ ማደሻ እንኳን አይወጣውም፣ ተከራዩም የኔ አይደለም ብሎ አይነካውም፣ ጭቃው እላዩ ላይ አረጀ። መሀል ከተማ ያለ መሬት ደሞ ውድ ነው፣ መንገዱም ፍሳሹም ሚሰራው ከሊዝ ገንዘብ ነው፣ ለሁሉም ነዋሪ እዛው እንስጥ ካልን ብሩ ከየት ይምጣ?

የካዛንቺስ ልጅ፦ ጭቃ ቤቱ ይቆይ አላልኩም እኮ! ሰውየው ይቆይ።

አርክቴክቷ፦ ሁለታችሁም ጋ እውነት አለ። ኮሪደር ልማቱ ያመጣውን ሰፊ የእግረኛ መንገድና የሳይክል መስመር ከልቤ እደግፈዋለሁ፣ በዚች ከተማ አብዛኛው ሰው በእግሩ ነው ሚሄደው ግን ለዘመናት መንገድ የተሰራው ለመኪና ነበር። ችግሩ በእግሩ ይሄድ የነበረውን ሰው ዳር ከተማ ወስደነው መሀል ላይ የእግረኛ መንገዱን ብናሰፋ ማን ይሄድበታል? ልደታን እዩት፣ ከጎኑ ባቡር ያልፋል፣ ታች ሱቅ ነው፣ ከኮንዶሚኒየሙ ወርደሽ ዳቦ ገዝተሽ ትመለሻለሽ፣ ስለዚ መሀል ከተማ ላይ ሰውን በፎቅ ማኖር ይቻላል። ሁሉም ቤት ትልቅ መሆን የለበትም፣ ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታ ይብዛ። ደሞ እባካችሁ የጋራ ማብሰያውን አትርሱት፣ በርበሬ ሚደለዝበትና በግ ሚታረድበት ቦታ ከሌለ ሰው በረንዳው ላይ ነው ሚያደርገው።

የጉሊቷ ልጅ፦ ስለ ታች ሱቅ ስታወሩ ዝም ማለት አልቻልኩም። የኮንዶሚኒየም ሱቅ እኮ በጨረታ ነው ሚሸጠው፣ ብዙ ያቀረበ ይወስዳል። እናቴ ቲማቲምና ቃሪያ እየሸጠች ነው ሶስታችንን ያስተማረችን፣ እሷ በምን አቅሟ ነው ከባንክና ከፋርማሲ ጋር ምትጫረተው? ደምበኞቿ ጎረቤቶቿ ነበሩ፣ በዱቤ ሰጥታ ወር ላይ ምትቀበል፣ ጎረቤቱ ሲበተን ስራዋም አብሮ ሄደ። ህንፃው ታች ሱቅ አለው ማለት ብቻውን ለኛ ምንም ማለት አይደለም።

ጡረተኛው፦ ልጆቼ እኔ ሰባ አልፎኛል፣ አራተኛ ፎቅ ደርሶኝ ሊፍት የለውም። ወርጄ ፀሀይ መሞቅ ድካም ሆነብኝ። ስትሰሩ ምድር ቤቱን በሙሉ ለሱቅ አትስጡት፣ ጥቂት ክፍል ለሽማግሌና ለአካል ጉዳተኛ ይቀመጥ።

ኢንጂነሩ፦ ጋሼ ልክ ኖት፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። የጉሊቷ ልጅ ያለችውም ገብቶኛል። እንግዲህ ሁሉም ይመለስ ሚለው ላይ አሁንም አልስማማም፣ ግን ከታች ካሉት ሱቆች የተወሰኑት ከጨረታ ወጥተው በትንሽ ኪራይ ለነበሩት ነጋዴዎች ይሰጡ ቢባል እደግፋለሁ። ስጋቴ የተሰጠው ሰው በማግስቱ ለሌላ አከራይቶት እንዳይሄድ ነው።

የጉሊቷ ልጅ፦ ቁጥጥሩን ለእድሩ ስጡት። ማን ነግዶ እንደሚያድር ማን እንዳከራየ እድር ያውቃል፣ ሁሉም ስም በመዝገቡ ላይ አለ።

የካዛንቺስ ልጅ፦ የኛ እድር መዝገብ አሁንም እናቴ ጋ ነው፣ ፌስታል ውስጥ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች።