ተቀያሪ በረኛ ለማግኘት ግራ ክንፋችንን እንስጥ ወይ?

የአቶቴ ልጅ፦
ሰላም የሀዋሳ ልጆች፣ እስቲ አንድ ነገር አማክሩኝ። የክረምቱ የሰፈር ውድድር ሊጀመር ነው እና እኛ ጋ የቀረው በረኛ አንድ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ስራ አግኝቶ አዲስ አበባ ገባ። ያለው ልጅ ጎበዝ ነው ግን ጣቱን ተጎድቶ ሁለቱን አንድ ላይ በፕላስተር አስሮ ነው የሚገባው፣ ድሮ ይይዘው የነበረውን ከፍ ያለ ኳስ አሁን በቡጢ ነው የሚያወጣው። የታቦር ልጆች ሁለት በረኛ አላቸው፣ አንዱን እንሰጣችኋለን ግን ግራ ክንፋችሁን ስጡን አሉ። አምና ካገባናቸው ጎሎች አብዛኛው ከዚህ ልጅ ክሮስ ነው የመጣው፣ ግራኝ ደሞ እንደልብ አይገኝም። ግማሹ ስጡ ይላል ግማሹ ለቤንች ብሎ ቋሚ ተሰላፊ አይሰጥም ይላል፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ሀይቅ ዳር፦
እኔ ብሆን አላንገራግርም፣ እሰጣለሁ። ጥር 2005 ረሳችሁት እንዴ? ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገብተን ገና በመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር በረኛችን ጀማል ጣሰው ከእረፍት በፊት በቀይ ወጣ፣ ዘሪሁን ታደለ ገባና በጎዶሎ 1 ለ 1 ወጣን፣ ጎሏንም ያገባት የኛው የሀዋሳው አዳነ ግርማ ነው። ከናይጄሪያ ጋር ደሞ ሲሳይ ባንጫ በቀይ ሲወጣ ቅያሪ ጨርሰን ስለነበር አዲስ ህንጻ ጓንት አጥልቆ ሪጎሬ ሊያድን ቆመ፣ አማካይ እኮ ነው! ቪክቶር ሞሰስ አገባበት። ቡርኪና ፋሶ ግን እኛን ሲገጥሙ በረኛቸው በቀይ ቢወጣም ተቀያሪው ዲያኪቴ ገብቶ እስከ ፋይናል ይዟቸው ሄደ።

ፒያሳ ሰፈር፦
ሀይቅ ዳር ያልከው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ተቀያሪ አያስፈልግም ያለ የለም፣ ጥያቄው ስንት ይከፈልበታል ነው። እኔ ወንድሜ አሜሪካ ስላለ የነሱን ፉትቦል እከታተላለሁ፣ እዛ ኳርተርባክ የሚሉት ኳሷን ለሁሉም የሚያድለው ልጅ ከተጎዳ ቡድኑ ስለሚያልቅ በየዓመቱ ይሄው ክርክር አለ። በፈረንጆቹ 2017 ታህሳስ ላይ የፊላዴልፊያ ኢግልሱ ካርሰን ዌንትዝ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፣ አበቃላቸው ሲባል ተቀያሪው ኒክ ፎልስ ገብቶ ሱፐር ቦውል በሚሉት የዋንጫ ፍጻሜ ላይ ኒው ኢንግላንድን 41 ለ 33 አሸነፉ፣ የጨዋታው ኮከብም እሱ ተባለ። ግን ፎልስን ያመጡት ነፃ ተጫዋች ሆኖ ነው፣ ማንንም አልሰጡበትም። እናንተ በየጨዋታው የሚሮጥላችሁን ልጅ ሰጥታችሁ ጥሎ ማለፍ ላይ ታቦር ቢደርሳችሁ ያ ክሮስ በናንተው ላይ ነው የሚመጣው፣ ያውም ጣቱ በታሰረ በረኛ ላይ።

ባለ ጓንቱ፦
እኔ ራሴ በረኛ ስለሆንኩ ልናገር፣ ስለ ተቀያሪ ከማውራታችሁ በፊት የዛን ልጅ ጣት አሳክሙለት። በፕላስተር ታስሮ ኳስ ሲመታው ይብሳል፣ ክረምት ላይ ደሞ ኳሱ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። ስለዚህ እሱ እስኪድን ያርፋል፣ ለመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች የምትፈልጉት ቋሚ በረኛ ነው ማለት ነው። ታቦርን በውሰት ጠይቋቸው፣ እነሱን ስትገጥሙ እንዳይሰለፍ ተስማሙ፣ ሁለተኛ በረኛቸው ቁጭ ከሚል ቢጫወት ለነሱም ይጠቅማቸዋል። እምቢ ካሉ ከታዳጊዎቹ አንዱን አዘጋጁ። አርሰናል በፈረንጆቹ 2024 በእንግሊዝ ሊግ ካፕ በረኛው ራያ ሲጎዳ፣ ተቀያሪው ኔቶ ደሞ በዛው ዋንጫ ለሌላ ክለብ ተጫውቶ ስለነበር ሲከለከል፣ የ16 ዓመቱን ጃክ ፖርተርን ቦልተን ላይ አሰልፎ 5 ለ 1 አሸንፏል።

ሀይቅ ዳር፦
አርሰናል እኮ ፊቱ ያሉት ተከላካዮች ሌላ ናቸው ወንድሜ፣ የሰፈር ታዳጊን ከነሱ ጋር አታወዳድር። ውሰቱ ግን ጥሩ ሀሳብ ነው፣ ያዋጣል።

የአቶቴ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ልጁን ነገ ሀኪም ጋ እንወስደዋለን፣ ታቦሮችንም በውሰት እንጠይቃለን፣ ግራ ክንፉን ካሉ ግን ይቅርብን። ባለ ጓንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ብቅ ብትልና ሁለት ታዳጊዎች ብታይልን? አንደኛው ቁመት አለው ግን ከመስመሩ መውጣት ይፈራል።