ሩትን ከለቀቀ በኋላ ኮር ፋይል የማይተው ሰርቪስ

ጥያቄ፦
ሊኑክስ ላይ በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው ዩዘር) ተነስቶ ፖርት 443ን ከከፈተ በኋላ በሴትዩአይዲ (የዩዘር መለያ ቁጥርን፣ ማለትም ዩአይዲን፣ በሚቀይር ጥሪ) ወደ ተራ ዩዘር የሚወርድ ሰርቪስ አለ። በሴግፎልት (በሜሞሪ አጠቃቀም ስህተት) ሲወድቅ ኮር ፋይል (ኮር ደምፕ፣ የወደቀው ፕሮሰስ ሜሞሪ ቅጂ) አይተውም። ዩሊሚት (የፕሮሰስ ገደቦች ማስተካከያ) ላይ የኮር ገደቡ «አንሊሚትድ» ነው፤ የኮሩን ስምና ቦታ በሚወስነው ኮር_ፓተርን ውስጥ ያለው «ኮር» የሚለው ቃል ብቻ ነው። ፕሮሰሱ የሚሠራው በተራው ዩዘር ሆኖ ሳለ /ፕሮክ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል የፕሮሰሶችን መረጃ የሚያሳይበት ማውጫ) ስር ያሉት ፋይሎቹ ባለቤታቸው ሩት ነው። ዩዘር የቀየሩ ፕሮሰሶች ኮር ይተዉ እንደሆነ የሚወስነውን ሱዊድ_ደምፔብልን ለመላው ሲስተም 1 ማድረግ አልፈልግም። ለዚህ ፕሮሰስ ብቻ መፍቀድ ይቻላል? ሜሞሪው ውስጥ የቲኤልኤስ (የኔትወርክ ምስጠራ) የግል ቁልፍ ስላለ እሱ ደምፑ ውስጥ እንዳይገባስ?

መልስ 1፦
ኮር አለመጻፉም፣ የ/ፕሮክ ባለቤትነቱም ምክንያታቸው አንድ ነው። ከርነሉ ለፕሮሰሱ ሜሞሪ «ደምፔብል» የሚባል ምልክት ይይዛል። ፕሮሰሱ ዩአይዲውን ሲቀይር ምልክቱ ወደ ሱዊድ_ደምፔብል ዋጋ ይመለሳል፤ ያ ዋጋ በከርነሉ ነባሪ 0 ነው። ከዚያ ወዲያ ዩሊሚቱን የፈለገውን ያህል ብትከፍተው ለውጥ የለውም።

መፍትሔው ከወረደ በኋላ በፒአርሲቲኤል (ፕሮሰስ የራሱን ባህሪ በሚቀይርበት ጥሪ) «ሴት_ደምፔብል»ን 1 ማድረግ ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ሴትግሩፕስ፣ ቀጥሎ ሴትጂአይዲ (ሁለቱ የግሩፕ መለያዎችን ይቀይራሉ)፣ ቀጥሎ ሴትዩአይዲ፣ በመጨረሻ ፒአርሲቲኤል። ከሴትዩአይዲ በፊት ከጠራኸው ምልክቱ ይጠፋል፤ ስህተትም አይመለስልህም፣ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። በፎርክ (ፕሮሰስን በሚያባዛ ጥሪ) የሚወለዱ ልጆች ምልክቱን ይወርሳሉ። 2ን በፒአርሲቲኤል ለመስጠት አትሞክር፣ «ኢንቫል» (የተሰጠው ዋጋ ልክ አይደለም የሚል ስህተት) ይመልስልሃል።

ይህን ካስተካከልክ በኋላም ኮሩ ላይገኝ ይችላል። ሰርቪሶች ሲነሱ ብዙ ጊዜ የሥራ ማውጫቸውን ወደ ሥር ማውጫው ይቀይራሉ፤ ኮር_ፓተርንህ ሙሉ ዱካ ስለሌለው ከርነሉ እዚያው ለመጻፍ ይሞክራል፣ ተራው ዩዘር ግን መጻፍ አይችልም። ዩዘሩ የሚጽፍበት ማውጫ አዘጋጅና ሙሉ ዱካውን ስጥ።

መልስ 2፦
ከላይ ያለው ልክ ነው፤ ዋጋው ግን ይታወቅ። ደምፔብልን 1 ስታደርግ የምትፈቅደው ኮርን ብቻ አይደለም፤ በዚያው ዩዘር የሚሠራ ሌላ ፕሮሰስ በፒትሬስ (አንድ ፕሮሰስ ሌላውን በሚከታተልበት ጥሪ) ተያይዞ ሜሞሪውን ማንበብ ይችላል። ያማ (የከርነሉ የደህንነት ሞጁል) ካለ ፒትሬስ_ስኮፕን ቢያንስ 1 አድርገው፤ ያኔ ወላጅ የራሱን ተወላጆች ካልሆነ በቀር አይያያዝም። ለሰርቪሱም ማንም የማይጋራው ዩዘር ስጠው።

ለቁልፉ ኤምአድቫይዝን (ከርነሉ አንድን የሜሞሪ ክፍል እንዴት እንደሚይዝ የሚነግር ጥሪ) በ«ዶንትደምፕ» ጥራ፤ ከከርነል 3.4 ጀምሮ አለ። አድራሻው የፔጅ (ከርነሉ ሜሞሪን የሚከፋፍልበት አሃድ) መነሻ ላይ መዋል አለበት፣ በአብዛኛው የ4096 ብዜት ማለት ነው። ከማሎክ (ከተለመደው የሜሞሪ መጠየቂያ) የመጣ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) እንዳለ ከሰጠኸው «ኢንቫል» ይመጣል፤ ቁልፉን በኤምማፕ (ሙሉ ፔጆችን በሚሰጥ ጥሪ) በተያዘ የራሱ ፔጅ ላይ አኑር። ይህ ከኮር ደምፕ ያስቀራል እንጂ ፒትሬስን አይከለክልም። የቲኤልኤስ ቤተ መጻሕፍቱ (ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት ዝግጁ ኮድ) በስታክ ወይም በሂፕ (በፕሮግራሙ የሥራ ሜሞሪ) ላይ የተዋቸው የቁልፍ ቅጂዎችም ደምፑ ውስጥ ይገባሉ። ሰው የሚረሳው ይህንን ነው።

የትኞቹ የሜሞሪ ዓይነቶች ኮር ውስጥ እንደሚገቡ የሚመርጠውን ኮርደምፕ_ፊልተርን መቀነስ እዚህ አይረዳም። ነባሪው በሄክሳዴሲማል 33 ነው፤ የግል ስም-አልባ ሜሞሪን (ቢት 0) ብታጠፋ ስታክና ሂፕ አብረው ይሄዳሉ፣ የሚቀረው ኮር ለዲባገር ምንም አይጠቅምም።

መልስ 3፦
ኮዱን መንካት ካልተቻለ ሱዊድ_ደምፔብልን 2 ማድረግ አለ። ኮሩ ይጻፋል፣ የሚያነበው ግን ሩት ብቻ ነው። ከከርነል 3.6 ወዲህ ኮር_ፓተርኑ ሙሉ ዱካ ወይም ፓይፕ (ደምፑን በቀጥታ ለሌላ ፕሮግራም የሚያስተላልፍ) መሆን አለበት፤ አሁን እንዳለህ «ኮር» ብቻ ከሆነ ከርነሉ ደምፑን ይተወዋል።

ፓይፕ ከመረጥክ አንድ ነገር ልብ በል፦ የዩሊሚት የኮር ገደብ ወደ ፓይፕ ለሚሄድ ደምፕ አይሠራም። 0 አድርጌዋለሁና ተዘግቷል ብለህ አትተማመን፤ መጠኑን መገደብ ያለበት ተቀባዩ ፕሮግራም ነው።

ጠያቂ፦
ፒአርሲቲኤሉ የተጠራው ከሴትዩአይዲ በፊት ነበር። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ የ/ፕሮክ ባለቤትነት ወደ ዩዘሩ ተመለሰ፤ ኮሩ ግን ማውጫው እስኪስተካከል አልመጣም።