ባዶ ሳሎን ከምን ይጀመራል?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሆጤ አካባቢ ቤት ተከራይተን ከገባን ሁለት ወራችን ነው። መኝታ ቤቱን እንደምንም አስተካከልነው፤ ሳሎኑ ግን እስካሁን ባዶ ነው። 4 ሜትር በ3 ሜትር ከግማሽ ይሆናል። ወለሉ ሊሾ ነው፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ። ያለው አንድ መስኮት ነው፣ እሱም ወደ ጦሳ ተራራ ያያል። በአንዱ ጥግ ግድግዳው ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቷል። ያለን ዕቃ ቴሌቪዥን፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበርና እናቴ የሰጠችኝ ባና ብቻ ነው። ባለቤቴ ሶፋ ይቅደም ይላል፣ እኔ ቀለም እላለሁ። ብሩ ለሁለቱም አይበቃም። ለአረፋ ቤተሰብ ከገጠር ይመጣል፤ ባዶ ቤት ውስጥ ማስተናገዱ ጨንቆኛል። እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምራላችሁ?

የአራዳ ልጅ፦ አብሽሪ እህቴ። ሶፋውም ቀለሙም ይቆይ። መጀመሪያ ያ ጥቁር ነገር ከየት እንደመጣ ይታወቅ። ሻጋታ ነው። ቀለም ብትቀቢበት በአንድ ክረምት ተመልሶ ይወጣል። ውጭ ወጥተሽ በዚያ ጥግ በኩል አሸንዳውን እዪው። ቀዳዳ ካለው ወይም በቅጠል ከተደፈነ ውሃው በግድግዳው ላይ ነው የሚወርደው። አፈር ተቆልሎ ግድግዳውን ተደግፎ ከሆነም ይነሳ። ከዚያ ውስጡን በረኪና በውሃ አቅጥነሽ እጠቢው። ጓንት አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ፣ በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅዪው። በደንብ ሳይደርቅ ቀለም አይነካው።

አናጢው፦ ልጄ፣ እኔ ብዙ ዓመት የቤት ዕቃ ሠርቻለሁ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ዕቃውን ወዶ ይገዛል፣ ክፍሉን አይለካም። አንድ ደንበኛዬ ከሌላ ቦታ ትልቅ ሶፋ ገዝቶ በሩ አላስገባ ብሎት የሶፋውን እግር ቆርጬለታለሁ። እኔ ራሴ አዝኛለሁ፣ ጥሩ እንጨት ነበር።

ሜትር ያዢ። የበሩን ስፋት፣ ከወለል እስከ መስኮቱ ያለውን ከፍታ፣ ሶኬቱ ያለበትን ቦታ ጻፊ። ከዚያ ጠመኔ ገዝታችሁ ሊሾው ላይ የምታስቡትን ዕቃ በልኩ ሳሉት። ሁለት ቀን በዚያ መሃል ተመላለሱ። በሩ ሲከፈት ይነካል? ቡና ይዞ የሚያልፍ ሰው ይመቸዋል? ለመተላለፊያ ቢያንስ 70 ሳንቲ ሜትር ተዉ። ጠመኔው በእርጥብ ጨርቅ ይጠፋል፣ የተገዛ ሶፋ ግን አይመለስም።

ለእናንተ ክፍል ሶፋ አልመክርም። እንግዳ ይበዛባችኋል። ሁለት ግድግዳ ይዞ የሚዞር መጅሊስ ብዙ ሰው ያስቀምጣል፣ ሲመሽም መኝታ ይሆናል። ግን አደራ፣ ስፖንጁን ሊሾ ላይ አታንጥፉት። ከሥሩ እርጥበት ይይዝና ይሸታል። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ አሠሩለት፣ ከግድግዳውም አራት ጣት ያህል ይራቅ። አየር ይለፍበት።

ከኮምቦልቻ፦ እኔም እንደ አንቺ ከባዶ ነው የጀመርኩት። ቀጭን ነጭ መጋረጃ ሰቅዬ ቤቴ አማረልኝ። ታላቅ እህቴ ደሴ ላይ ያንኑ አደረገችና ማታ ማታ ከመስኮቱ የሚገባው ብርድ አስመረራት። የእኛ ሞቅ ይላል፣ ከሐረጎ ዳገት በላይ ሌላ አገር ነው። አንቺ ሁለት ድርብ አድርጊው፤ ስሱ ለቀን፣ ወፍራሙ ለማታ። ብረቱን ከመስኮቱ በግራም በቀኝም 20 ሳንቲ ሜትር አስረዝሚው። ቀን ስትገልጪው ጨርቁ መስታወቱን አይሸፍንብሽም፣ ያለሽን ብርሃን ሁሉ ታገኛለሽ።

ጠያቂዋ፦ አላህ ይስጥልኝ። አሸንዳው እውነትም ተደፍኗል! አናጢው ጋሼ፣ መጅሊስ ያሉኝን ባለቤቴም ወዶታል። ሁለት ነገር ልጨምር። መስኮቱ ወደ ጦሳ ስለሚያይ ፀሐይ ቶሎ ትጠፋብናለች፣ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ይደበዝዛል። አከራያችን ደግሞ ሚስማር ብዙ አትምቱ ብለውናል።

የአራዳ ልጅ፦ ለብርሃኑ ቀለሙን ነጣ ያለ አድርጉት፤ የወተት ዓይነት እንጂ ጭልጥ ያለ ነጭ አይሁን፣ በደመና ቀን ግራጫ ይመስላል። አምፖል ስትገዢ ካርቶኑን አንብቢ። 3000K የሚለው ቢጫ ብርሃን ነው፣ ለሳሎን ይሞቃል። 6500K የሚለው የሱቅ ነጭ ነው። የቀለሙን ወጪ ከኪራይ ይቀነስልን ብላችሁ አከራዩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እርጥበቱን ማስተካከሉ ለቤታቸው ነው።

እትዬ፦ የኔ እናት፣ ባናሽን ረሳሽው እኮ! ክፍልሽ እኮ ከእሱ ነው የሚጀምረው። ለሊሾ ብርድ ከበግ ፀጉር የተሻለ የለም። መሃል ላይ አንጥፊውና ትራሱንም መጋረጃውንም ከእሱ ቀለም ምረጪ። አንድ ጨርቅ ይዘሽ ገበያ ስትሄጂ ዓይንሽ አይባክንም። በየጊዜው ፀሐይ ላይ አራግፊው፣ ብል እንዳይበላው።

ለግድግዳው ሥዕል ፍለጋ አትድከሚ። ሦስት አራት ሰፌድ፣ ትልቁ መሃል ትንንሾቹ ዳር ሆነው ይሰቀሉ። ቀላል ስለሆኑ አንዳንድ ሚስማር ይበቃቸዋል። ወለል አጠገብ የሚቀመጥ ሰው የሚያየው ዝቅ ያለውን ነው፣ ስለዚህ ሶፋ ካለበት ቤት ዝቅ አድርገሽ ስቀዪው። የቡናውን ቦታ መስኮቱ አጠገብ አድርጊ። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለሽ አስገቢ፣ ሲፈላም መስኮቱ ገርበብ ይበል። ብርድ ነው ብለሽ ዘግተሽ እንዳታድሪበት፣ የከሰል ጭስ ሳይሸት ይገድላል።

ጠያቂዋ፦ እትዬ፣ ባናውን ዛሬ አወጣሁት፣ ቀይና ጥቁር ነው። ትራሱ ቀይ ይሆናል። አሸንዳው ተጠርጓል፣ ግድግዳውም እየደረቀ ነው። ጠመኔውን ባለቤቴ ይዞ መጥቶ መጅሊሱን ሳልነው፤ በር በኩል 80 ሳንቲ ሜትር ተርፎናል። ጋሼ፣ ርብራቡን በሁለት ቁራጭ ላሠራው ወይስ በአንድ?

አናጢው፦ በሁለት አሠሪው ልጄ። የተከራየ ሰው ነገ ቤት ይለቃል፣ ቁራጩ በበሩም በደረጃውም ያልፋል።