ለመሳቅም መብት ያስፈልጋል?

ጅሬን፦
ቅዳሜ ማታ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አንድ ካፌ «ያንግ ፍራንከንስታይን»ን አሳየ። በፈረንጆቹ 1974 ሜል ብሩክስ በድሮዎቹ የፍራንከንስታይን ጭራቅ ፊልሞች እየቀለደ የሠራውን ኮሜዲ። ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ሲያልቅ አንድ ሰውዬ ተነስቶ «የድሮዎቹን ያላየ ለመሳቅ መብት የለውም» ብሎ ወጣ። እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። አጠገቤ የነበሩት ልጆች እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። የድሮውን አንዳቸውም አላዩም። ምን አጠፉ?

አዌቱ ማዶ፦
ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም እላለሁ። በ1931ዱ «ፍራንከንስታይን» ጭራቁን ሆኖ የሚሠራው ቦሪስ ካርሎፍ ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር ሐይቅ ዳር አበባ ይጥላል። አበባው ሲያልቅ ልጅቷን አንስቶ ይወረውራታል። ትሰጥማለች። ትዕይንቱ ለብዙ ዓመት በሳንሱር ተቆርጦ ኖሯል። ብሩክስ ደግሞ ልጅቷን ጉድጓድ አፋፍ አስቀመጣት። አበባው አለቀ። አሁንስ ምን እንጨምር አለች። ጭራቁ ዞሮ እኛን አየን። ይህን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹ ቁርጥ ይላል፣ ከዚያ ይስቃል። እናንተ ገና ከመጀመሪያው ትንከተከታላችሁ።

ሂርማታ፦
እኔን ያናደደኝ «መብት» ያልከው ነው። ማን ሰጪ፣ ማን ነሺ ሆነ? ጭራቁ ሳንቃው አንድ ጫፍ ላይ ዘጭ ሲል፣ በሌላው ጫፍ ያለችው ልጅ በመስኮት በርራ አልጋዋ ላይ አረፈች። ይህን አይቼ ለመሳቅ ማንን ላስፈቅድ?

ቆጪ፦
እናቴም ነበረች። ፍራንከንስታይን ሲባል ሰምታ አታውቅም። ዓይነ ስውሩ ባሕታዊ ጭራቁን ቤቱ አስገብቶ ትኩስ ሾርባ ጭኑ ላይ ሲያፈስበት፣ መጠጫውን ሲሰብርበት፣ ልለኩስልህ ብሎ አውራ ጣቱን ሲያቃጥለው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «በሞቴ» እያለ እንግዳ የሚያስጨንቅ ሰው ጅማ ውስጥ ሞልቷል። እሷ የሳቀችው በዚያ በምታውቀው ሰው ነው።

አዌቱ ማዶ፦
እናትህን ያቆይልህ። ግን ያ ባሕታዊ በ1935ቱ «ብራይድ ኦፍ ፍራንከንስታይን» ለጭራቁ ቫዮሊን የተጫወተለት ነው። ሁሉም ያባረረውን ያበላው እሱ ነው። ሁለቱም ሰው የራባቸው ናቸው። ያንን ያላየ ሾርባውን ብቻ አይቶ ይሄዳል።

ሂርማታ፦
አሁን «ሾርባውን ብቻ» ሆነ። ቅድም «መብት የለውም» ነበር። የቱን ነው የምንከራከረው?

ጊንጆ፦
ፊልሙን በማይክ ወደ አማርኛ ሲተረጉም ስለነበረው ተራኪ ለምን አትናገሩም? ጭራቁ ዞሮ ሲያየን ዝምታ ነበር መኖር ያለበት። ሰውዬው በማይክ «አሁን ሊወረውራት ነው» አለ! የድሮውን ያየሁት እኔም አልደነገጥኩም። አፉን መዝጋት ነበረበት።

ቆጪ፦
ተራኪውን ተዉት። እንግሊዝኛ የማይሰሙ እናቶች ነበሩ። ቪዲዮ ቤት ያደግን ሁላችን ፊልም የለመድነው በእሱ ዓይነት ሰው አፍ ነው።

ጊንጆ፦
ለእናቶች መተርጎም ሌላ፣ ገና ያልሆነውን ቀድሞ መናገር ሌላ።

ጋሽ መርካቶ፦
ልጆች፣ ጥቁርና ነጭ ነው ብለው ገና ሲጀምር የወጡት ናቸው ያሳዘኑኝ። ብሩክስ በከለር አልሠራም ብሎ ከአንድ ስቱዲዮ ጋር ተለያይቶ ወደ ሌላ ሄዷል። ላቦራቶሪው ውስጥ ብልጭ ድርግም የሚለው ዕቃ ለ1931ዱ የተሠራው ራሱ ነው። ኬኔት ስትሪክፋደን የሚባለው ሠሪው ጋራዡ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። አንድ ሰው የሚቀልድበትን ነገር እንዲህ ካከበረ፣ ተመልካች ደግሞ ወንበሩ ላይ ይቆይ።

አዌቱ ማዶ፦
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ሂርማታ፦
አላልክም! ጋሼ ቁጭ ብለው ይዩ አሉ። አንተ አትሳቁ አልክ። ጋሼ ራሳቸው የሳቀውን ወቅሰዋል?

ጋሽ መርካቶ፦
የሳቀውን አልወቀስኩም። የወጣውን ነው።

ጅሬን፦
ካፌውን እንጠይቅና በሚቀጥለው የ1931ዱን ያሳይ። ከዚያ ይህንኑ እንድገመው።

አዌቱ ማዶ፦
መጀመሪያም በዚህ ቅደም ተከተል መሆን ነበረበት።

ቆጪ፦
እኔ አልስማማም። እናቴ የድሮውን መጀመሪያ ብታይ ልጅቷ ስትሰጥም ተነስታ ትሄድ ነበር። በሳቅ ስለገባች ነው አሁን «ያ ጭራቅ ከየት መጣ?» እያለች የምትጠይቀኝ።

ጊንጆ፦
የፈለጋችሁትን አስቀድሙ። ተራኪው ግን ማይኩን ያስቀምጥ።

ሂርማታ፦
አዌቱ ማዶ፣ ያቺን «መብት» ያልካትን ቃል ሳትተዋት ይህ ወሬ አያልቅም።

አዌቱ ማዶ፦
አልተዋትም።