«ቦነስ የሚጠላ ሰነፍ ብቻ ነው»? ይብራራልን!

ታዛቢው፦ ትናንት ስለ ደመወዝ ስናወራ አንዱ «ቦነስ የሚጠላ ሰነፍ ብቻ ነው» ብሎ ሄደ። ላይኩም ጎረፈለት። የአሜሪካውን ባንክ ዌልስ ፋርጎን ረሳችሁት? ባንኩ ሠራተኛውን በታርጌት ወጥሮ በቦነስ ሲያባብል ኖረ፤ ለካ ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ ሒሳብ ይከፈትለታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጉዱ ሲወጣ ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ 5,300 ያህል ሠራተኛ ተባረረ። ሰነፎች ነበሩ በለኛ!

ሻጩ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ሌባ ሲሰርቅ ጥፋቱ የቦነሱ ነው? ሴፍላይት የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የመኪና መስታወት ገጣሚዎቹን በሰዓት መክፈል ትቶ በገጠሙት ልክ መክፈል ሲጀምር የአንድ ሠራተኛ ሥራ 44 በመቶ ጨመረ። ኤድዋርድ ላዚር የተባለ ኢኮኖሚስት ነው ያጠናው። ይኼን መቼም አትጠቅሷትም።

የማታ ተረኛ፦ ሰነፏ መጣሁ 😂 ወንድሜ፣ ጥናቱን እስከ መጨረሻው አንብበው። ከጭማሪው ግማሽ ያህሉ የመጣው ጎበዝ ጎበዙ ስለተቀጠረና ስለቆየ ነው። ደግሞ አበላሽቶ የገጠመ መልሶ የሚገጥመው በራሱ ጊዜ ነበር። መስታወት ይቆጠራል፣ ጥራቱም ይታያል። የእኔ ሥራ በምን ይቆጠር? በሽተኛ ባገላበጥኩ ቁጥር?

ሻጩ፦ እሜቴ፣ ስለ ሕክምና ማን አነሳ?

የማታ ተረኛ፦ አንተ! «ሰነፍ ብቻ» ስትል ሁላችንንም ጠቅልለህ አይደል የሰደብከው?

ጋራዥ ያደገ፦ መኪና ከተነሳ ጋራዥም የነበረውን የአሜሪካ መደብር ሲርስን ጨምሩበት። በ1992 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ መንግሥት የከሰሳቸው ያልተበላሸ ዕቃ እየቀየሩ ነው ብሎ ነው። ሠራተኛው ኮሚሽንና ኮታ ነበረበት። ፍሬን ደህና ነው ብሎ የሚመልስህ ሰው ምን ሊበላ?

ሻጩ፦ ቁጥጥር ይጠብቃ! እሱ እያለ ቦነስ ማጥፋት ምን አመጣው?

ታዛቢው፦ ቁጥጥሩን የሚሠራው አለቃም እኮ ቦነሱ በዚያው ቁጥር ነው የሚሰላው። ማን ማንን ይያዝ? «ሰነፍ» ያልከውን ግን እስካሁን አላነሳህም።

ዝም አልልም፦ አለቃ ካላችሁ፣ የዌልስ ፋርጎ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ጆን ስታምፕፍ 41 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ አክሲዮን ቀርቶበታል። እንዳልተነካ አድርጋችሁ አታውሩ።

ጋራዥ ያደገ፦ አዬ፣ አንጀቴን በላው! ገንዘብ ያዥዋ ሥራዋን አጣች፣ እሱ ከሀብቱ ቀነሱለት፤ እኩል ነው ልትለን ነው?

ዝም አልልም፦ እኩል ነው መቼ አልኩ? አንብብ እንጂ!

ሒሳብ ክፍል፦ እኔ ያለሁበት ቦታ የሰረቀ የለም፤ ግን የግል ቦነስ ከመጣ ወዲህ ጀማሪን የሚያሳይ ሰው ጠፋ። የደንበኛ ስልክ ሁሉ ይደበቃል። ይኼ በየትኛው ሪፖርት ላይ ይወጣል?

ሻጩ፦ ደንበኛዬን እኔ ነኝ ለፍቼ ያመጣሁት፣ ለምን ለሰነፍ አካፍላለሁ?

የማታ ተረኛ፦ ይኸው ደገማት! 😂