ፒኤስ 5 ወይስ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ? ለጌም ቤት የትኛውን ልግዛ?

ባለ ጌም ቤቱ (ፈረንጅ አራዳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ ጌም ቤት አለችኝ። በሦስት ፒኤስ 4 (ፕሌይስቴሽን) ማሽን ነው የምሠራው። ቀን የሰፈር ልጆች፣ ማታ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ይመጣሉ። አብዛኛው ሰው የሚጫወተው ኳስ ነው። አሁን ዕቁብ ደርሶኝ አንድ ማሽን ልጨምር ነው። ዕቃ ከአዲስ አበባ የሚያመጣልኝ ልጅ «ሲሪስ ኤክስ 12 ቴራፍሎፕ ነው፣ ፒኤስ 5 ግን 10 ብቻ፣ ስለዚህ ኤክስቦክስ ግዛ» አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ «አሮጌው ኤክስቦክስ ዋን ኤክስ 6 ቴራፍሎፕ ነው፣ ከአዲሱ ትንሹ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ይበልጣል፣ እሱ 4 ብቻ ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል» ይለኛል። የዕቁብ ብር ነው፣ ከተሳሳትኩ መልሼ አላገኘውም። ይሄ ቁጥር ምንድነው? የትኛውን ልግዛ?

የኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ፦
ወንድሜ እንኳን ዕቁቡ ደረሰህ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን የሚለካው የማሽኑን አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ እሱም ግራፊክሱን። አንድ ቴራፍሎፕ ማለት በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን ስሌት ነው።

አሠራሩን ላሳይህ። የፒኤስ 5 ግራፊክስ 36 የስሌት ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ 64 ትንንሽ አስሊዎች አሉ፣ እያንዳንዱ አስሊ በአንድ ምት ሁለት ስሌት ይሠራል፣ ፍጥነቱ ደግሞ እስከ 2.23 ጊጋኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 2.23 ቢሊዮን ምት ማለት ነው። እነዚህን አባዛቸው፣ 10.28 ትሪሊዮን ይመጣል። ሲሪስ ኤክስ 52 ክፍሎች አሉት፣ ፍጥነቱ ግን 1.825 ነው። ሲባዛ 12 ገደማ ይሆናል።

ቡና ለቀማ አስብ። አንዱ ማሳ ላይ 52 ለቃሚ አለ፣ ሌላው ላይ 36፣ ግን እጃቸው ፈጣን ነው። 52ቱ ብዙ የሚለቅሙት ሁሉም ሥራ ሲያገኙ ነው። ጌሙ ሥራውን በደንብ ካላከፋፈለላቸው ግማሹ ቆሞ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ሁለቱ ማሽኖች ሲወጡ ብዙ ጌሞች ላይ ተቀራራቢ የሆኑት፣ አንዳንዱ ላይ እንዲያውም ፒኤስ 5 የቀደመው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ሌላም አለ። ሁለቱም 16 ጊጋባይት ሜሞሪ አላቸው። የፒኤስ 5 ሁሉም በሰከንድ 448 ጊጋባይት ያስተላልፋል። የኤክስቦክሱ 10 ጊጋባይቱ 560፣ የቀረው 6 ደግሞ 336 ነው። ማከማቻቸው ላይ ግን ፒኤስ 5 በደንብ ይበልጣል፣ በሰከንድ 5.5 ጊጋባይት ያነባል፣ ሲሪስ ኤክስ 2.4። ፕሮሰሰሩ (የማሽኑ አንጎል) ላይ ኤክስቦክሱ ትንሽ ይቀድማል። ሁለቱንም ቺፕ የነደፈው ኤኤምዲ የሚባለው ኩባንያ ነው፣ ቤተሰባቸው አንድ ነው። እኔ በልዩነታቸው ብዬ ብር አልጨምርም።

ልጅ ከቆጪ፦
የዋን ኤክስን ነገር እኔ ልመልስ። ጓደኛህ ቁጥሩን አልተሳሳተም፣ 6 ከ4 ይበልጣል። ግን እ.ኤ.አ. የ2017 ቴራፍሎፕና የ2020 ቴራፍሎፕ አንድ አይደሉም። የአዲሱ ግራፊክስ ንድፍ በእኩል ቁጥር የበለጠ ሥራ ይሠራል። ዋናው ግን ፕሮሰሰሩ ነው። ዋን ኤክስ ውስጥ ያለው ጃጓር የሚባለው ነው፣ ያው ያንተ ፒኤስ 4 ውስጥ ያለው ዓይነት፣ ትንሽ ፈጠን ያለ። የሲሪስ ኤስ ፕሮሰሰር ግን አዲሱ ዜን 2 ነው፣ ልዩነቱ በጣም ሰፊ ነው። ዋን ኤክስ በሜሞሪ 12 ለ10 ጊጋባይት ይበልጣል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ለአዲሱ ትውልድ ብቻ የሚሠሩ ጌሞችን አይከፍትልህም። አትግዛ።

የአጋሮው፦
እኔም ጌም ቤት ነበረኝ። ረክሶ አገኘሁ ብዬ ሲዲ የማይወስድ ማሽን ገዛሁ። አንድ ጌም ለማውረድ ሌሊቱን ሙሉ ስጠብቅ ኔትወርክ ይቆረጣል፣ ካልሆነ መብራት ይጠፋል። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቅሃል። ሲሪስ ኤስም ሆነ የፒኤስ 5 ዲጂታሉ ሲዲ ማስገቢያ የላቸውም፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ፒኤስ 5 ፕሮም አብሮት አይመጣም። 16.7 ቴራፍሎፕ ብለው ቢያጓጉህም እሱን እርሳው። ሲዲ የሚወስደውን ያዝ።

ደግሞ ፒኤስ 5 የፒኤስ 4 ሲዲዎችህን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያጫውታል። ኤክስቦክስ ከገዛህ ግን እንደ አዲስ ከዜሮ ነው የምትጀምረው። ያንተ ጥያቄ እዚህ ላይ አለቀ ብዬ አምናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል፦ የፒኤስ 4 ጆይስቲክ ፒኤስ 5 ላይ የሚሠራው ለፒኤስ 4 ጌሞች ብቻ ነው። ለአዲሱ ኳስ ሁለተኛ ጆይስቲክ በጀትህ ውስጥ አስገባ።

ጠጋኙ (አጂፕ)፦
ሁላችሁም ስለ አዲሱ ማሽን አወራችሁ፣ ሦስቱን ፒኤስ 4 ማንም አላነሳቸውም። የቤቱን ገቢ የያዙት እነሱ ናቸው። የድሮው ሃርድ ዲስካቸው የሚሽከረከር ነው፣ ጌም ሲከፍት የሚያንቀረፍፈው እሱ ነው። አውጥተህ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ማከማቻ) ብትተካበት ልጆቹ ወዲያው ይለዩታል። ባለ 2.5 ኢንች ነው የሚገባው፣ አፈታቱ ቀላል ነው። በመብራት መቆራረጥም ብዙ የሚጎዳው ያ የሚሽከረከረው ዲስክ ነው።

መብራቱን በተመለከተ፣ እባክህ ማሽኑን ከግድግዳ ሶኬት ላይ በቀጥታ አትሰካ። ስታብላይዘር ሳይሆን ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው መጠባበቂያ) ግዛ። ስታብላይዘር ቮልቴጁን ነው የሚያስተካክለው፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ ግን ማሽኑን በሥርዓት እስክታጠፋው ጊዜ ይሰጥሃል። እኔ ጋ የሚመጡት የተበላሹ ማሽኖች ብዙዎቹ መብራት ሄዶ ሲመለስ የተመቱ ናቸው። ሲያዩት ያሳዝናል።

አቧራም አለ። የፒኤስ 5 የጎን ክዳን በእጅ ይወልቃል፣ አቧራ የሚጠራቀምባቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ እነሱን ብቻ አጽዳ። ከዚያ ወዲያ አትፍታው። ቺፑ ላይ ያለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ብረት ነው፣ ቦርዱ ላይ ከፈሰሰ አለቀለት።

ልጅ ከቆጪ፦
ቴሌቪዥኑንም ጨምሩበት። ሴቲንግ ውስጥ «ጌም ሞድ» ካለ አብራው። ብዙ ሰው ጆይስቲኩ ዘገየ የሚለው ስክሪኑ ዘግይቶ ነው።

ኤክስቦክስ ወዳጅ፦
ለሲሪስ ኤክስ አንድ ቃል ልበል። ጥሩ 4ኬ ቴሌቪዥን ያለውና ብቻውን ቤቱ የሚጫወት ሰው ቢሆን እሱን እመክር ነበር፣ ሲሠራ የሚያሰማው ድምፅም በጣም ዝቅተኛ ነው። ዲጂታሉ ካልሆነ ሲዲም ይወስዳል። ላንተ ቤት ግን የአጋሮው ወንድሜ ያለው ልክ ነው፣ የሲዲው ክምችት ይወስናል።

ባለ ጌም ቤቱ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የጠቀማችሁኝ። እህቴ፣ የቡና ለቀማው ምሳሌ ገባኝ፣ ዕቃ ለሚያመጣልኝ ልጅም ነገርኩት። ሲዲ የሚወስድ ፒኤስ 5 እንዲያመጣ አዝዣለሁ። ከዕቁቡ በሚተርፈው ዩፒኤስና ለአንዱ ፒኤስ 4 ኤስኤስዲ እገዛለሁ። የአጂፑ ወንድሜ፣ ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑን ይዤ ብመጣ ትገኛለህ?

ጠጋኙ (አጂፕ)፦
እገኛለሁ። መጀመሪያ ሴቭ ያደረጉትን በፍላሽ ገልብጥና ና፣ ዲስኩ ሲቀየር ሁሉም ይጠፋል።